ለዓመቱ ዕለታት ሁሉ የሚሆን ካላንደር፦ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የግድግዳ ዘመን መቁጠሪያ ሲመዘን

በየዓመቱ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ከጧፉ፣ ከዕጣኑና ከመንፈሳዊ መጻሕፍቱ አጠገብ የአዲሱ ዓመት የግድግዳ ካላንደሮች ተሰቅለው ይታያሉ። አብዛኛው ገዢ ሽፋኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ካላንደሮች ስለ አንዱ ነው። አሳታሚው በከተማችን ካሉት አጥቢያዎች የአንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የ2017 ዓ.ም. እትሙን ከዘመን መለወጫ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ በቤታችን ስንጠቀምበት ቆይተናል፤ የ2018 ዓ.ም. እትሙም ከመስከረም ጀምሮ በዚያው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። የአሳታሚውን ስም የማልጠቅሰው፣ ከማነሣቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ በሌሎች አጥቢያዎች ካላንደሮችም ላይ ስለሚገኙና ሥራው ያለ ክፍያ በሚያገለግሉ ወጣቶች የሚዘጋጅ ስለሆነ ነው፤ ዓላማዬም አንባቢ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሲገዛ ምን ምን ማየት እንደሚገባው ማመልከት ነው።

እንዲህ ያለውን ካላንደር በታላላቅ በዓላት መመዘን ብዙም አይጠቅምም። ደመራ መስከረም 16፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን መሆኑን ለማወቅ ግድግዳ ማየት የሚያስፈልገው ምእመን የለም። ችግራችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። በፍልሰታ ሁለቱን ሳምንት ቅዳሴ ሳያስታጉል የሰነበተው ሰው ከነሐሴ 17 ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን አይታይም፤ በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ የዋለው ከትንሣኤ በኋላ የጸሎት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አያወርድም፤ ከጾሙ ጋር የገባው ጸሎት ጾሙ ሲፈታ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ ካላንደር ላይ ያነሣሁት ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ታላቅ በዓልም ታላቅ ጾምም በሌለበት በአንድ ተራ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ለመውጣት የሚጣደፈው ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ምን ይሰጠዋል?

ለዚህ ጥያቄ ካላንደሩ ያለው መልስ በአብዛኛው መልካም ነው። እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ሣጥን አለው፤ በሣጥኑ ውስጥ ቀኑ በተለመደው አኃዝና በግእዝ ቁጥር፣ የጎርጎርዮሳዊው ቀን በትንንሽ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የወሩ መታሰቢያ፣ ከእርሱ በታች የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ ከያዘው መጽሐፍ ከስንክሳር የተወሰደ የዕለቱ ቅዱስ ስም በአንድ መስመር፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ መስመር አለ። የጾም ቀናት በሣጥኑ ግርጌ በተሰመረ ሐምራዊ መስመር ይለያሉ። ለምሳሌ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበረ። በብዙ ካላንደሮች ላይ ያ ሣጥን «ሚካኤል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይኖረዋል፤ በዚህኛው ግን ከቅዱስ ሚካኤል ወርኃዊ መታሰቢያ ጋር የወንጌላዊው ማቴዎስ መታሰቢያ ተጽፎበታል፤ ዘመኑም ዘመነ ማቴዎስ ስለነበረ ገጹ ግርጌ ላይ «በዚህ ዕለት ከማቴዎስ ወንጌል አንድ ምዕራፍ እናንብብ» የሚል ጥሪ ሰፍሯል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ተራ ቀን የራሱ ስምና የራሱ ሥራ ሲሰጠው በዝምታ የማለፍ ዕድሉ ይቀንሳል፤ በቤታችን ያየሁትም ይህንኑ ነው።

እናቴ እንዲህ ያለ ካላንደር አያስፈልጋትም። የወሩን ቀናት የምትቆጥረው በስማቸው ነው፤ ልደታ፣ በዓታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ እያለች ወሩን ከዳር እስከ ዳር ታደርሰዋለች፤ የብድር መመለሻ ቀጠሮ እንኳ «ለጊዮርጊስ ማግሥት» ብላ ትይዛለች። የእርሷ ትውልድ በቃሉ የያዘውን ነገር የእኛ ትውልድ በቢሮ የሥራ ሳምንትና በወር መጨረሻ ደመወዝ ስለለወጠው፣ ያንን የቃል እውቀት በወረቀት መመለስ የካላንደሩ ትልቁ አገልግሎት ይመስለኛል። የመሥሪያ ቤት ቀን መቁጠሪያ ብቻ በተሰቀለበት ቤት የሚያድግ ልጅ 21 ቁጥርን ሲያይ ማርያም ትዝ አትለውም።

የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ታማኝነት የሚፈተነው ግን በባሕረ ሐሳቡ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን በሚያወጣው ቀመር ነው። ይህ ካላንደር ውጤቱን ብቻ ከመናገር አልፎ ስሌቱን በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ እኔም በ2018 እትም የተጻፈውን አስልቼ አመሳክሬዋለሁ። 5500 ከ2018 ጋር ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲነሣ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (በ30 ተካፍሎ ትራፊው ሲያዝ) አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላታቸው እስከዚህ ያለው ስሌት ትክክል መሆኑን ያሳያል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተወሰነው ተጨማሪ ቁጥር) 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። በዚህ መሠረት ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል፤ ከዚያ 14 ቀን ተጨምሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 62 ቀን ተጨምሮ ሆሣዕና መጋቢት 27፣ 67 ቀን ተጨምሮ ስቅለት ሚያዝያ 2፣ 69 ቀን ተጨምሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። ካላንደሩ የጻፋቸው ቀናት በሙሉ ከዚህ ጋር ይስማማሉ፤ የ2017 እትምም እንዲሁ ነነዌን የካቲት 3፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 12 ቀን በትክክል አስቀምጦ ነበር።

ይህን ገጽ ያደነቅሁት ለስሌቱ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቀመር የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ ድሜጥሮስ መሆኑን ታስተምራለች፤ የቀመሩ ፍሬም ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ሰኞን፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ እሑድን፣ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ረቡዕን፣ ዕርገት ሐሙስን፣ ስቅለት ዓርብን እንዳይለቁ ማድረግ ነው። አዘጋጆቹ ይህንን በአንድ አጭር አንቀጽ አስረድተውታል። ስለ ባሕረ ሐሳብ ሲወራ ነገሩ የመሪጌታዎች ብቻ ነው ብለን ለምናልፈው ምእመናን፣ በአራት መሠረታዊ ስሌት ብቻ የዓመቱን አጽዋማት ማግኘት እንደሚቻል ማየት ለጾሙ ያለንን ቅርበት ይጨምራል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የወንድሜ ልጅ ገጹን ተከትሎ የሚቀጥለውን ዓመት አስልቶ አምጥቶልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ጾም የሚገባበትን ቀን ማንም ሳይጠይቀው ለቤተሰቡ የሚናገረው እርሱ ሆኗል።

ካላንደሩ ከምንም በላይ የሚጠቅመው በተንቀሳቃሽ አጽዋማት ላይ ነው፤ ለዚህም ከጾመ ሐዋርያት የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ይህን ጾም ሕዝቡ «የሰኔ ጾም» ስለሚለው ብዙዎች ሰኔ እስኪገባ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ «የቄስ ጾም» እየተባለ ጨርሶ መተዉ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጰራቅሊጦስ፣ ከትንሣኤ ጀምሮ 50ኛው ቀን፣ ሰኔ 1 ቀን ስለዋለ ጾሙ ሰኔ 2 ቀን ሰኞ ገብቶ እስከ ሐምሌ 4 ቀን 33 ቀናት ተጾሟል። በ2018 ዓ.ም. ግን ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ቀን ስለሚውል ጾሙ የሚገባው ግንቦት 24 ቀን ሰኞ ነው፤ እስከ ሐምሌ 4 ቀንም 41 ቀናት ይሆናል። ካላንደሩ ግንቦት ገጽ ላይ፣ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ይህን ልዩነት በግልጽ ጽፎታል፤ ጾሙ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ መሆኑንና ካህን ከምእመን ሳይለይ ሁሉን የሚመለከት መሆኑንም አክሏል። ቀድሞ መናገሩ ነው ጥቅሙ። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «እንግዲህ ካለፈኝ ወዲያ» ብሎ ይተወዋል፤ ሳምንት ቀደም ብሎ የሰማ ግን ቤቱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ወደ ጉድለቱ ስመጣ፣ የ2017 እትም ከባድ ስሕተት ነበረበት። ሐምራዊው መስመር ረቡዕንና ዓርብን በየሳምንቱ ሳይለይ ስለተከተለ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳም ሁለቱን ዕለታት የጾም ቀን አድርጎ አሳይቷቸዋል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾሙ፣ ስግደትም እንደሌለ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያደናግር አይደለም፤ ነገር ግን ካላንደሩ የሚጠቅመው ለማያውቀው ነውና፣ ለንስሐ አዲስ የሆነ አንድ ወጣት ይህን አይቶ በትንሣኤ ማግሥት ባለው ረቡዕ ቢጾም ጥፋቱ የእርሱ ሊሆን አይችልም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ስሕተቱ ሲነገረው በአጥቢያው ዐውደ ምሕረት አስታውቋል፤ በ2018 እትምም አርሞታል። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ ላይ ሲውል መስመሩ የለም፤ በዓሉ ስለሆነ ይበላል። የጥምቀት ገሃድ (በዋዜማው የሚጾመው ጾም) ጥር 10 ቀን እሑድ ላይ ሲውል ደግሞ መስመሩ አለ፤ ከጎኑ ግን ከቀዳም ሥዑር (ከትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ) በቀር በሰንበት ከጥሉላት (ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ) መከልከል እንጂ ከእህል ውኃ ተከልክሎ መዋል እንደሌለ በትንሽ ጽሑፍ ተገልጿል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው ለካላንደር ዋጋ የሚሰጠው።

ከስሕተቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ዝምታው ነው። ከላይ እንዳልሁት ምእመናን የሚላሉበት ዋናው ወቅት በዓለ ሃምሳ ነው። ሃምሳ አምስቱ ቀን አልቆ፣ ዶሮው ታርዶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚስመው ሰው ቁጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሳሳ በየአጥቢያው የሚታይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ለዚህ ወቅት ባዶ ቀን አልተወችም። ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ያለው ሳምንት ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ እየተባለ ለእያንዳንዱ ዕለት የየራሱ ምሥጢር ተሰጥቶታል። ካላንደሩ እነዚህን ስሞች በሙሉ ጽፏቸዋል፤ ለእያንዳንዱም የሚነበበውን ወንጌል አመልክቷል፤ በዚህ ምስጋና ይገባዋል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ግን ቀለሙ ይደበዝዛል። እስከ ዕርገት ድረስ ያሉት ሣጥኖች ወርኃዊውን መታሰቢያና አንድ ስም ብቻ ይዘው ይቀራሉ፤ በሌሎች ወራት ገጽ ግርጌ ላይ የሚገኘው የንባብ ጥሪም በግንቦት የለም።

ግንቦት ለአዘጋጆቹ ያነሰ ነገር ያቀረበ ወር አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ልደታ ለማርያም አለች፤ በ11ኛው ቀን የዜማው አባት የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ አለ፤ በ12ኛው ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም ይከበራል፤ በ21ኛው ቀን ደብረ ምጥማቅ ነው፤ በ24ኛው ቀን እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የገባችበት ይታሰባል። በ2017 ዓ.ም. እንዲያውም ዕርገትና ደብረ ምጥማቅ ግንቦት 21 ቀን ላይ ተገናኝተው ነበር። ስለ ቅዱስ ያሬድ ዕለት ሁለት መስመር ቢጻፍ፣ በዚያ ቀን ልጆች አንድ መዝሙር በግእዝ እንዲያጠኑ ቢጠየቅ፣ በዓለ ሃምሳ የመብልና የዕረፍት ብቻ ሳይሆን ያለ ስግደት የሚጸለይበት የደስታ ወቅት መሆኑ በየቤቱ ይታወቅ ነበር። የጾሙ ወቅት ምእመኑን ጾሙ ራሱ ይዞ ያቆየዋል፤ ለማስታወሻ የሚያስፈልገው ሐምራዊ መስመር የሌለበት ገጽ ነው። አዘጋጆቹ ግን ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በየካቲትና በመጋቢት ላይ ነው።

የየካቲትና የመጋቢት ሥራቸው በእርግጥ የሚያምር ነው። የዐቢይ ጾም ሰንበታት ስሞች፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና፣ እያንዳንዳቸው ከምስባካቸው (ከወንጌል በፊት ከሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) እና ከወንጌላቸው ጋር ተጽፈዋል። ዘወረደ ላይ ምስባኩ ከመዝሙር 2፣ «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሀት» የሚለው ነው፤ ቅድስት ላይ ስለ ጾም የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቁጥር 16 ጀምሮ፣ ገብር ኄር ላይ የመክሊቱ ምሳሌ ከምዕራፍ 25 ተመልክቷል። በ2017 እትም ምስባኩ በግእዝ ብቻ ነበረ፤ በ2018 እትም ከሥሩ የአማርኛ ትርጉሙ ተጨምሮበታል። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የነገውን ምስባክና ወንጌል አንብቦ ቢያድር፣ እሑድ ጠዋት ዲያቆኑ ምስባኩን ሲያዜም ልጆቹ የሚሰሙት ነገር የሚያውቁት ይሆናል። እኛ ይህን ልማድ የጀመርነው በዚህ ካላንደር ምክንያት ነው፤ እስካሁንም አላቋረጥነውም። ያም ሆኖ ከትንሣኤ ሳምንት በቀር ንባቡ የተሰጠው ለእሑዶችና ለዐበይት በዓላት ብቻ ስለሆነ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የየዕለቱን ምንባብ የሚያመለክተውን መጽሐፍ፣ ግጻዌን፣ መግዛት ይኖርበታል። በአንድ ሣጥን ውስጥ የወንጌሉን ምዕራፍና ቁጥር ለማመልከት አንዲት አጭር መስመር እንደምትበቃ አምናለሁ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 የጽጌ ቀናት አያያዝም ደስ ይላል። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሐምራዊው መስመር በዚያ ወቅት በነጠብጣብ ብቻ ተሰምሯል። አዋጁንና ፈቃዱን በዓይን መለየት መቻሉ፣ ሁሉንም እንደ ግዴታ ቆጥሮ ከሚታክት ሰውም ሆነ ሁሉንም እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ከሚተው ሰው ይጠብቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ከልደት በፊት ያሉት ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ በስማቸው ተጠርተዋል።

ባዶው መስመር ካላንደሩ ከሌሎች የሚለይበት ነገር ነው። አዘጋጆቹ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ያ መስመር ውዳሴ ማርያም የደገሙበትን፣ መዝሙረ ዳዊት ያነበቡበትን፣ ያስቀደሱበትን፣ ንስሐ አባትን ያገኙበትንና ሥጋ ወደሙን የተቀበሉበትን ዕለት በትንሽ ምልክት ለመያዝ እንደሆነ ይገልጻሉ። ይህን አሠራር በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ጸሎትን ቆጥሮ ራስን ማጽደቅ እንዳይሆን አንድ ካህን ሲያስጠነቅቁ ሰምቻለሁ፤ ማስጠንቀቂያቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ምልክቱ የሚያሳየው ባዶ የቀረውን ነው። ከቆረብሁ ምን ያህል ጊዜ ሆነኝ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከእውነቱ ያጠረ ነው፤ ገጹን ወደ ኋላ ሲገልጥ ግን ምልክት የሌለባቸው ወራት ፊቱ ይቆማሉ፤ ወደ ንስሐ አባቱ ለመደወልም ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልገውም። አንድ ማሻሻያ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ካላንደሩ የሚሰቀለው እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ስለሆነ ይህን የመሰለ የግል ነገር በእርሱ ላይ መጻፍ የሚከብዳቸው አሉ። በተመሳሳይ ይዘት ትንሽ የኪስ እትም ቢኖረው መስመሩ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል።

ስለ ሥዕሎቹ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሽፋኑ በሀገራችን ትውፊታዊ አሣሣል የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል ነው፤ ጥሩ ምርጫ ነው። በየወሩ ገጽ ላይ ያሉት ግን ከተለያየ ቦታ የተለቀሙ፣ አንዳንዶቹም ከእኛ ትውፊት ጋር የማይስማሙ ሥዕሎች ናቸው። ከዚህም በላይ ዓመቱ ሲያልፍ የሚመጣ ችግር አለ። ቅዱስ ሥዕል ያለበትን ገጽ መጣል አይቻልም፤ ብዙ ቤተሰብ የድሮ ካላንደሮችን እያጠራቀመ ይኖራል፤ ያልተጠነቀቀው ሲጥለው ደግሞ ሥዕሉ የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ሆኖ ይገኛል። ሥዕሉ ተቆርጦ በፍሬም የሚገባ ሆኖ በሽፋኑ ላይ ብቻ ቢሆን፣ የወራቱ ገጾች ደግሞ በሐረግና በመስቀል ቅርጽ ብቻ ቢያጌጡ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር፤ ለጽሑፍም ተጨማሪ ቦታ ይገኝ ነበር።

በውጭ ሀገር ለሚኖር ዘመድ ለመላክ ለሚያስብ ሰው፣ የጎርጎርዮሳዊው ቀን የተጻፈበት ፊደል እጅግ ትንሽ መሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ምእመን ቀኑን የሚቆጥረው በዚያኛው ስለሆነ ለእርሱ ያ ቁጥር ዋናው ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ የንግሥ በዓላት ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ተዛውረው ስለሚከበሩ፣ በዓሉ በእርግጥ የሚውልበትን ዕለት የሚያስታውሰው በቤቱ ያለው ካላንደር ብቻ ይሆናል፤ ለዚህም ጥቅሙ ከሀገር ቤቱ ይልቅ ለስደተኛው ይበልጣል። በስልክ ላይ የሚጫኑ የቀን መቁጠሪያዎች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው፤ ቀኑን ሁለቱንም ያሳያሉ፣ ጾም ሲቃረብም ያሳውቃሉ። ስልክ ግን የአንድ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሕፃኑም፣ ሠራተኛዋም፣ አያትም እኩል ያዩታል፤ ጾም መግባቱን ለቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚናገር እርሱ ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚችል ይያዝ፤ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ባለ ቤተሰብ ግን ወረቀቱን ቢመርጥ እመክራለሁ።

ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ በክረምቱ እርጥበት አልተጨማደደም። ማሰሪያው ግን ደካማ ስለሆነ ገጹ ሲገለበጥ በእጅ መደገፍ ያስፈልጋል። ዋጋው ከሌሎች የአጥቢያ ካላንደሮች ትንሽ ከፍ ይላል፤ ባሕረ ሐሳቡን፣ ምስባኩንና ባዶውን መስመር ስለሚጨምር አይበዛበትም። አዲስ ትዳር ለመሠረቱ፣ ልጆቻቸውን በሃይማኖት ማሳደግ ለሚፈልጉና በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ለሚያሳዝናቸው ሰዎች የ2018 እትምን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ግጻዌና ስንክሳር በቤቱ ላለውና በየዕለቱ ለሚያነብ ሰው ግን አዲስ ነገር አይጨምርለትም፤ ለእርሱ ማንኛውም ቀኑን በትክክል የሚያሳይ ካላንደር ይበቃዋል።

ለቀጣዩ እትም አዘጋጆቹን የምጠይቀው ስለ ጳጉሜን ነው። በሁለቱም እትሞች ጳጉሜን በነሐሴ ገጽ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ያለ ስንክሳርና ያለ ባዶ መስመር፣ በጠባብ ረድፍ ተቀምጣለች። በ3ኛው ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል አለ፤ በዚያ ዕለት የሚዘንበውን ዝናብ እንደ ጠበል ቆጥረው የሚጠመቁ ብዙዎች ናቸው፤ ወርኃ ጳጉሜንን በፈቃድ ጾም የሚያሳልፉም አሉ። ያለፈውን ዓመት መርምሮ ለአዲሱ የሚዘጋጅ ክርስቲያን ከሁሉ ይልቅ የሚጽፍበት ቦታ የሚያስፈልገው በእነዚህ ቀናት ነው። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀናት ትሆናለች፤ ያ ጠባብ ረድፍ ደግሞ የተሠራው ለ5 ሣጥን ብቻ ነው። እንግዲህ ንድፉ መቀየሩ ስለማይቀር፣ አዘጋጆቹ 6ኛውን ሣጥን በጥጉ ላይ ከማጣበቅ ይልቅ ለ13ኛዋ ወር የራሷን ሙሉ ገጽ ቢሰጧት እጠይቃለሁ፤ ሥራው ነሐሴ ሳይደርስ እንዲያልቅም ማተሚያ ቤት ከመግባታቸው አስቀድሞ ረቂቁን ለአጥቢያው ካህናት ቢያሳዩ የበዓለ ሃምሳው ዓይነት ስሕተት አይደገምም።